አባባ በራሶን ፎቶ ውስጥ ማስቀመጥ

ለአንድ ቤተሰብ ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። የእኛ ቤተሰብ ችግር ያ ሰው እኔ ሆኜ መገኘቴ ነው። ዝናዬ እንዴት እንደተገኘ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ዲላ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የማተሚያ ማሽኑ ወረቀት ቀርጥፎ አልሠራም ሲል ክዳኑን ከፍቼ የተጨማደደውን ወረቀት ስቤ አወጣሁ። ይኸው ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ለጉዳይ መጥታ ቆማ ታየኝ ነበር። እሷ ይርጋጨፌ ሳትደርስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ፤ ሙሽራው ኮምፒዩተር ፈታትቶ ይገጥማል ተባለ። እኔም አላስተባበልኩም። አማቾች አንድን ሰው የሚያደንቁበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ የተገኘውን ይዞ ዝም ማለት ይሻላል።

ሠርጋችን የተደገሰው ኮንጋ፣ በባለቤቴ በምሕረት አገር ነው። ምሕረት አባቷ የሞቱት ገና አፏን ሳትፈታ ነው። ያሳደጓት የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ አባባ በራሶ ናቸው። ትምህርት ቤት ያስገቧት፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሻንጣዋን በትከሻቸው ተሸክመው ዲላ ድረስ ያደረሷት፣ ሽማግሌዎቼንም ደጋግመው «አስበን እንነግራችኋለን» እያሉ የሸኙብኝ እሳቸው ናቸው። ለሠርጉ ዳሱን ያስጣሉት፣ በሬውን መርጠው የገዙትም እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ፎቶ ቤቱ እንደ ልማዱ «የሚቀጥለው ሳምንት» ሲለን ከርሞ ከስንት ወር በኋላ አልበሙን ሲሰጠን፣ ትልቁ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ዘመድ ሁሉ አለ፤ አባባ በራሶ የሉም። ያልተጠራ ጎረቤት አለ። ወንበር ያመጣው የመኪና ሾፌር ከኋላ ቆሞ ከሙሽራው ይልቅ ደስ ብሎታል። እሳቸው ግን የሉም። አልበሙን ኮንጋ ወስደን አሳየናቸው። አገላብጠው ጨረሱት፤ «ጥሩ ነው» አሉና ዘግተው መለሱልን። ምሳ ሲቀርብም ሆዴን አሞኛል ብለው ሳይበሉ ተነሡ።

ከሠርጉ ጀምሮም ቤታችን ድርሽ ብለው አያውቁም። ስንደውል ቡና እየለቀምኩ ነው ይላሉ፤ ቡና በማይለቀምበት ወርም እየለቀሙ ነው። ምሕረት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ እየገፋ ነው። «አባባ ቤቴ ገብቶ ሳይመርቀኝ አልወልድም» ብላ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። ልጁ ፈቃድ ጠይቆ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ለነፍሰ ጡር ሚስት የሚያስረዳ ባል እስካሁን አላየሁም። ቀን ደህና ውላ ወጥ እየሠራች ድንገት እንባዋ ይወርዳል። ሽንኩርቱ ነው ትለኛለች፤ ሽንኩርት ግን አልገዛሁም።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና አንድ ነገር ላይ ደረሰ፤ አባባ በራሶን ያስከፋቸው ፎቶው ነው። ይህን የተናገሩት ከሬኮ የመጡት የምሕረት እናት ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ዳካ ናቸው። እሳቸው ከተናገሩ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ቀጥሎ የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ኮምፒዩተር የሚያውቅ አማች ተቀምጦ አንድ ሰው ፎቶ ውስጥ ማስገባት እንዴት ያቅታል? እኔም ደረቴን ነፋሁና ቀላል ነው አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የአባባ በራሶ ፎቶ መጥፋቱ ነበር። ሰውየው ፎቶ አይወዱም። በመጨረሻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያው አንድ የሰፈር ልጅ ያነሳቸው ተገኘ። የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመው፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ ወድቃ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ የዝናብ ቦቲ ተጫምተው፣ በእጃቸው እፍኝ ቡና ይዘዋል። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ያቺን ፎቶ ስልኬ ላይም፣ ፍላሽ ላይም፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይም አስቀመጥኳት።

ሁለተኛው ችግር በምን ልሥራ የሚለው ነበር። ሰው ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁት ሰው ቁጥርና ያገኘሁት መልስ ቁጥር አይገናኙም። አንዱ የስልክ ፕሮግራም ይበቃሃል ይላል። ሌላው በነፃ የሚወርደውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተጠቀም ይላል። ሦስተኛው ፎቶ ቤቶች የሚሠሩበት ትልቁ ካልሆነ አትድከም ይላል። እኔ ሶስቱንም ሞከርኩ። አሁን ሶስቱንም አወዳድሬ መናገር እችላለሁ። የስልኩ ሁሉን ነገር አውቃለሁ ስለሚል ምንም አይጠይቅህም። ነፃው ምንም ስለማያውቅ ሁሉንም ይጠይቅሃል። ትልቁ ሁሉንም ያውቃል፣ ሁሉንም ይጠይቅሃል፣ ከዚያ ይተኛል።

ከስልኩ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ስትነካው ሰውየውን ከጀርባው ለይቶ ይቆርጥልሃል ተባልኩ። ነካሁት። አባባ በራሶን ትቶ እፍኙን ቡና ቆረጠልኝ። እንደገና ነካሁት፤ አሁን ሰውየውን ቆረጠ፣ ኮፍያቸውን ግን መሬት ነው ብሎ ጣለው። ግንባራቸው ላይ ያለውን መስመር ደግሞ ሳልጠይቀው አጠፋፍቶ፣ ፊታቸውን አለስልሶ፣ ገና ፂም ያላበቀለ ጎረምሳ አደረጋቸው። ምሕረትን ጠርቼ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችና ይህ ልጅ ማነው አለችኝ።

ወደ ነፃው ዞርኩ። እዚያ ሌየር የሚሉት ነገር አለ፤ እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ላስቲክ ላይ ሥለህ ላስቲኮቹን እንደ መደራረብ ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አንገታቸውን እየጠረግሁ ነው ብዬ ስለፋ የምጠርገው የአማቴን አንገት ሆኖ ተገኘ፤ ለካ የቆምኩት የተሳሳተ ላስቲክ ላይ ነው። አማቴ ያለ አንገት ለትንሽ ጊዜ ቆዩ። መመለሻውን ስጫን አንገታቸው ተመለሰ፣ ከእሱ ጋር ግን ስለፋበት የዋልኩት ሁሉ ተመለሰ።

እንደምንም ብዬ አባባ በራሶን ከነቦቲያቸው ከኋላው ረድፍ፣ ከሾፌሩ አጠገብ አቆምኳቸው። ኮራሁ። ምሕረት ግን አይታ ደም ሥሯ ተገታተረ። ያሳደገኝን አባቴን ወንበር ካወረደ ሰው ጋር ታቆመዋለህ ወይ አለችኝ። ልክ ናት። ትልቅ ሰው ፎቶ ላይ ይቀመጣል፤ የሚቆመው ልጅና አጃቢ ነው። ይህን ማንም ያውቀዋል፤ ፕሮግራሞቹ ግን አያውቁትም፣ በአንዳቸውም ላይ ሽማግሌ ማስቀመጫ የሚል ቁልፍ የለም።

የቆመን ሰው ማስቀመጥ እንዴት እንደሚቻል አሰብኩ። ጭንቅላታቸውን ብቻ ወስጄ የተቀመጠ ሰው ገላ ላይ ላደርገው ወሰንኩ። የተቀመጠ፣ ሱፍ የለበሰ፣ ዕድሜው የደረሰ ገላ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት የአባቴን ነው። አባቴ ዲላ ገበያ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በሠርጉ ቀን የለበሱትን ግራጫ ሱፍ ከሌላ ፎቶ ላይ ቆርጬ አመጣሁ። አባባ በራሶ ሱፍ ለብሰው ተቀመጡ። ችግሩ አባቴም እዚያው ረድፍ ላይ ያንኑ ሱፍ ለብሰው፣ ያንኑ ሰዓት አስረው፣ እጃቸውን ያንኑ ጉልበት ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በዚያ ላይ የሠርጉ ዳስ ሰማያዊ ሸራ ስለነበረ ሁሉም ሰው ሰማያዊ ቢጤ ነው፤ የአባባ በራሶ ራስ ብቻ የኮንጋ ፀሐይ እንደወደቀበት ቀርቷል።

ይህን ለማስተካከል ትልቁ ፕሮግራም ያስፈልጋል ተባለ። ጫንኩት። ላፕቶፔ አንድ ሰዓት ያህል አሰበና ክቡን እያዞረ ቀረ። የሚዞረውን ክብ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ያለ ይመስላል፤ ቆይቶ ግን ሊነግራችሁ ያፈረው ነገር እንዳለ ይገባችኋል።

አሁን ደግሞ ሐኪሞች በዙ። አንዱ ጓደኛዬ ዲስኩ ሞልቶ ነው አለ፤ የማላውቀውን ፋይል ሁሉ አጠፋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒዩተሩ ድምፅ የለውም። አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ሜሞሪው ትንሽ ነው አለ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ክፈት ብሎ መከረኝ፣ እኔም ለኮምፒዩተሩ ብዬ ግድግዳ ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ጭምር አጠፋሁ። ሌላው አቧራ ነው፣ ስለሚሞቅ ነው የሚዘገየው አለ። አቧራውን በአየር አስነፋው ሲለኝ አየር የት እንዳለ ወዲያው ታወቀኝ።

የሰፈራችን ጎሚስታ ባጃጅ ጎማ ላይ ተደፍቶ ነበር። ላፕቶፑን አሳየሁት። ግራ ገብቶት ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ይህን ነፍቼ አላውቅም፣ ስንት አየር ይችላል ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ፣ ኮምፒዩተር አዋቂው፣ መካከለኛ አልኩት። አቧራው በእርግጥ ወጣ። ከአቧራው ጋር ሁለት ፊደላትም ከነቁልፋቸው በረሩና አንዷ ከመንገድ ማዶ ተገኘች። ሌላዋን ጎሚስታው፣ ሁለት ባጃጅ ሹፌሮችና እኔ ተንበርክከን ብንፈልጋት አጣናት። ከዚያ ወዲያ ስጽፍ ያቺ ፊደል የሌለችበትን ቃል ነው የምመርጠው።

ግን ኮምፒዩተሩ ፈጠነ። እውነቴን ነው። ደስ ብሎኝ የሠራሁትን ያህል በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ይህ ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ነው። ኮንጋም ሬኮም ዲላም አንድ ላይ አየው። የመጀመሪያው ጥያቄ አባትህ መንትያ አላቸው ወይ የሚል ነበር። ቀጥሎ ጋሽ ዳካ ደወሉ፤ በራሶ ከእኔ በስተቀኝ ነው የተቀመጠው፣ ማነው ታላቁ ብለው በእርጋታ ጠየቁኝ። አባባ በራሶን ወደ ግራ አሻገርኳቸው፤ እናቴን ገፍተው ወደ ዳር አወጧት። እናቴ ደወለች። ልጄን ድሬ ስጨርስ ለካ የጎረቤት እንግዳ ነኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኔ ዓይነቱ ባል ግን እናቱንም አላስጣለ።

ሌላው ዘመድ ደግሞ ከተከፈተ ላይቀር ብሎ የራሱን ጉዳይ ይዞ መጣ። አንዷ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ይከፈትልኝ አለች። አንዱ ከቀድሞ ሚስቱ አጠገብ ቆሟልና አሁን ያለችው እንዳታይ መሐላቸው ሰው አስገባ አለኝ። አዲስ አበባ ፈተና ላይ የነበረው የምሕረት ታናሽ የአጎት ልጅ፣ እኔንም ጨምረኝ፣ ጓደኞቼ እንዳልቀረሁ ያውቃሉ አለ። አንድ ሰው ደግሞ ሾፌሩን አውጣልን ብሎ ጠየቀ፤ ሾፌሩ ራሱ ግሩፑ ውስጥ መኖሩ የታወቀው ያኔ ነው። ሾፌሩ ወዲያው ከግሩፑ ወጣ።

ሁሉንም ለማስደሰት ሞከርኩ። በእያንዳንዱ ሰው አንድ ላስቲክ ተጨመረ፤ ኮምፒዩተሩ እንደገና ክቡን ማዞር ጀመረ። አሁንማ ነፃው ይሻል ነበር ወይስ የስልኩ፣ ማን ቀኝ ማን ግራ፣ የማን ዓይን ተከፍቶ የማን ተዘጋ፣ ሁሉም ነገር ተምታታብኝ። ቢሮ ተቀምጬ አለቃዬ ሲያናግሩኝ አንገታቸው ከገላቸው ጋር ይመጣጠናል ወይ እያልኩ አያለሁ። ምሕረት ሁለት ጊዜ አስተካክለው ብላ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ግን አልጠየቀችም። ይህ ከእናቴ ቁጣ ይልቅ አስፈራኝ።

በመጨረሻ የግሩፑን ድምፅ ዘግቼ፣ የሁሉንም ጥያቄ ትቼ ለአባባ በራሶ ብቻ ሠራሁ። ከምሕረት አጠገብ አስቀመጥኳቸው፤ ለዚህ ብዬ ራሴን አንድ ወንበር ወደ ዳር ገፋሁ። ሱፋቸውን ቡናማ አደረግሁ። ፊታቸው ከሌላው ሰው እንዲመሳሰል ሰማያዊ ቀባሁት፤ ትንሽ የታመሙ መሰሉ። እንዳይመስሉ ብዬ የስልኩ ፕሮግራም ላይ ያለውን ፈገግታ ማድረጊያ ነካሁ። ሰፊ ፈገግታ መጣ፣ ከነሙሉ ጥርሱ። አሳምሬ አሳትሜ ፍሬም አስገባሁት። ሲታተም ሌላው ሰው ሁሉ ደብዘዝ ብሎ አባባ በራሶ ብቻ ጥርት ብለው ወጡ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ግን የመጣንበት ጉዳይ እሳቸው ስለሆኑ አልተከፋሁም።

እሑድ ፍሬሙን በጋዜጣ ጠቅልለን ኮንጋ ሄድን። ምሕረት ወሯ ገፍቶ ስለነበር ከመንገዱ እስከ ቤታቸው ያለችውን አቀበት ቆም እያለች ነው የወጣችው። አባባ በራሶ ቤት ነበሩ። ቡና እየለቀሙ አልነበሩም። ሆዷን ሲያዩ ተነሥተው ወንበር አመጡላት፣ ከኋላዋ ትራስ አደረጉላት፣ ከዚያ ከሁለታችን ራቅ ብለው ተቀመጡ። እኔ ጋዜጣውን ቀደድኩና ፍሬሙን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ብዙ ጊዜ አዩት። ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረጉት። ጣታቸውን ፊታቸው ላይ አሳረፉ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«አዎ አባባ፣ እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«ጥርሱስ የማን ነው?»

ምሕረት እየሳቀች መሆኗን ለመደበቅ ሻርፗን ወደ አፏ አስጠጋች። እኔ ስለ ፕሮግራሙ ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ ፈገግታ የሚባል ቁልፍ እንዳለ፣ ሳይጠየቅ ጥርስ እንደሚጨምር ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ፍሬሙን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አቆሙት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት።

«እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም አማቼ» አሉኝ። «ይሄ ውሸት ነው። ፎቶ ሲነሡ እዚህ ጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ልጅቱ ልትሄድ ነው፣ እንባዬ እምቢ አለኝ። ሙሽራ ፊት ሽማግሌ አያለቅስም፣ እኛ ጋ ነውር ነው። ስለዚህ ተደበቅሁ።»

ምሕረት ሻርፗን ከአፏ አወረደች። «ለምን አልነገርከኝም አባባ?»

«ፎቶ፣ ፎቶ እያሉ ሲጠሩ ሰማሁ። ጋሽ ዳካን ጠሩ፣ እናትሽን ጠሩ። ሾፌሩንም ጠሩ። በራሶ የታለ የሚል ይመጣል ብዬ እንባዬን ጠርጌ ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ።» ወደ ጓሮው በር አዩ። «ከዚያ መኪና ሲነሣ ሰማሁ።»

ያ ሁሉ ላስቲክ፣ ያ ሁሉ ቀኝና ግራ፣ ጎሚስታው ሳይቀር፤ ሰውየው ያን ሰዓት የት ነበሩ ብሎ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። አፈርኩ።

ምሕረት ግን አላለቀሰችም። ወንበሩን ተደግፋ በግድ ተነሣች፣ ልደግፋት ስል እጄን መለሰችው። በጓሮ በር ወጥታ እንሰቱ ጥግ ድረስ ሄዳ ቆመች። ከቤት ውስጥ ጀርባዋ ብቻ ይታየን ነበር፤ ከፊቷ እንሰቱ እንጂ ሰው የለም።

«አባባ በራሶ!» ብላ ጮክ ብላ ተጣራች። «አባባ በራሶ የታለ? እሱ ሳይመጣ ማንም ፎቶ አይነሣም!»

አባባ በራሶ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ዓይናቸውን በጫፉ ጠረጉ፣ እኔን አላዩኝም። «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ወጡ።